በአሮጌ ባለ ሮተር ኮምባይነር በቆሎ ሲሰበሰብ የሚባክን ፍሬን ስለ መቀነስ

ጥያቄዎ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ በማሽኑ ርዝመት የተጋደመ አንድ ሮተር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሚፈለፍል ከበሮ ያለው ኮምባይነር አለዎት፤ ባለ 6 ረድፍ የበቆሎ ሄደር፣ ማለትም አዝመራውን የሚቀበል የፊት ክፍል ገጥመውበታል። ምርቱን ሲሰበስቡ ከማሽኑ ኋላ መሬት ላይ የሚቀረው ፍሬ በዝቶብዎታል። ነፋሱ ፍሬውን እየገፋ የሚያስወጣው መስሎ ስለታየዎት የማራገቢያውን ፍጥነት ቀንሰዋል፣ ወንፊቶቹንም አስፍተዋል፤ ሆኖም ለውጥ አላመጣም። መካኒክዎ ደግሞ የሮተሩ ፈልፋይ ብረቶችና ኮንኬቩ (ከሮተሩ ሥር ያለው ጎባጣ ፍርግርግ) በሙሉ ይቀየሩ ብለዋል። ይህን ወጪ ማውጣት ተገቢ ነው ወይስ በማስተካከል ብቻ የሚፈታ ነገር አለ ብለው ጠይቀዋል።

በእኔ እምነት ገና አንድም ብሎን መነካት የሌለበት ደረጃ ላይ ነዎት። ከማሽኑ ኋላ የሚታይ ፍሬ ሁሉ በማሽኑ ኋላ የወጣ አይደለም። ከፊሉ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ከአገዳው ላይ የወደቀ ነው፤ ከፊሉን ሄደሩ ራሱ ፈልፍሎ ጥሎታል፤ ከፊሉ በቆረቆንዳው ላይ እንደተጣበቀ የወጣ ነው፤ ከፊሉ ከሮተሩ ፍርግርግ ሳያልፍ ቀርቷል፤ የቀረውም በወንፊቱ ላይ ተንሸራቶ ወርዷል። እነዚህ አምስቱ መሬት ላይ ከተገናኙ በኋላ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው፣ እንዲያውም አንዳንዴ የአንዱ መፍትሔ ሌላውን ያባብሳል። በበቆሎ አሰባሰብ ላይ ከማሽኑ ብክነት ትልቁ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ የሄደሩ ነው፤ ሄደሩ የጣለውን ፍሬ ደግሞ ማራገቢያውን በመነካካት ማስቀረት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከመቁጠር ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ከማሳው ጠርዝ ርቀው፣ አዝመራው የማሳውን መካከለኛ ሁኔታ በሚያሳይበት ቦታ፣ በተለመደው ፍጥነትዎ እየሠሩ ሳለ ማሽኑን ያቁሙ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቀው የአንድ ማሽን ርዝመት ያህል ወደ ኋላ ይመለሱና ሞተሩን ያጥፉ። አሁን ከፊትዎ ሦስት ቦታዎች ይኖራሉ። የመጀመሪያው ገና ያልታጨደው ነው፤ እዚያ መሬት ላይ የሚገኘው የበቆሎ ራስ የማሽኑ ጥፋት ስላልሆነ ከሌላው ሁሉ ይቀነሳል። ሁለተኛው ሄደሩ ያለፈበት፣ የማሽኑ ጀርባ ግን ያልደረሰበት መሬት ነው፤ ንጹሑ የሄደር ብክነት የሚታየው እዚህ ብቻ ነው። ሦስተኛው የማሽኑ ጀርባ ያለፈበት ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ማዕቀፍ ከእንጨት ወይም ከሽቦ ሠርተው በየቦታው ከአንድ በላይ ጊዜ ይጣሉና ፍሬውን ይቁጠሩ፤ ቅጠሉን አንስተው ሥሩን ማየት አይርሱ፣ ምክንያቱም በቆሎ ከገለባ ሥር የመደበቅ ልማድ አለው።

ለስሌቱ፣ አንድ የበቆሎ ፍሬ በአማካይ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። በአንድ ካሬ ሜትር 20 ፍሬ ከተገኘ 6 ግራም ነው፤ በሄክታር ሲሰላ 60 ኪሎ ግራም ይሆናል። ማሳዎ በሄክታር 6,000 ኪሎ ግራም የሚሰጥ ከሆነ ይህ ከምርቱ 1 በመቶ ነው። ሙሉ የበቆሎ ራስ ሲወድቅ ደግሞ ጉዳቱ ሰፋ ባለ ቦታ መለካት አለበት፤ 4.5 ሜትር ስፋት ያለው ሄደር 22 ሜትር ሲሄድ ወደ 100 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በዚህ ቦታ ላይ እያንዳንዳቸው 150 ግራም ፍሬ ያላቸው 4 ራሶች ወድቀው ቢገኙ እነሱም 60 ኪሎ ግራም በሄክታር ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ቦታ ላይ ነው። የማሽኑ ጀርባ 4.5 ሜትር ላይ የሰበሰበውን 1.5 ሜትር ስፋት ባለው መስመር ላይ የሚያፈስ ከሆነ እዚያ የሚታየው ፍሬ በሦስት እጥፍ ተከማችቶ የሚታይ ነው። ለምሳሌ በመስመሩ ላይ በካሬ ሜትር 61 ፍሬ ቆጥረው፣ በሁለተኛው ቦታ 10 ካገኙ፣ የጀርባው ድርሻ 51 ለ 3 ተካፍሎ 17 ፍሬ ብቻ ነው። 61 አይቶ መደንገጥ፣ ከዚያም ማሽኑን ሁሉ መፈታታት የተለመደ ነው። ከማሽኑ ጀርባ ያለውን የገለባ በታኝ ለዚህ ምርመራ ብቻ ቢያላቅቁት ቆጠራው የበለጠ እምነት የሚጣልበት ይሆናል።

ቁጥሩ ወደ ሄደሩ ካመለከተ በቅድሚያ የሚታየው በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ያሉት ሁለት ሰሌዳ ብረቶች፣ ማለትም አገዳው በመካከላቸው ወደ ታች ሲሳብ የበቆሎውን ራስ ከላይ የሚያስቀሩት ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከበዛ የራሱ ወፍራም ጫፍ ወደ ታች ወርዶ ከሚሽከረከሩት ሮለሮች ጋር ይገናኛል፤ ሮለሮቹም ፍሬውን ከግርጌው እየፈለፈሉ መሬት ላይ ይዘሩታል። ምልክቱ በሁለተኛው ቦታ ላይ የተበተነ ንጹሕ ፍሬ መብዛቱና ወደ ማሽኑ የሚገቡት ራሶች ግርጌያቸው የተላጠ መሆኑ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ደግሞ አገዳው እየተሰበረ ከቅጠሉ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያ ሁሉ ገለባ በሮተሩና በወንፊቱ ላይ ሸክም ሆኖ ሌላ ብክነት ይወልዳል። መነሻ የሚሆነው መጠን ከፊት 32 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ኋላ ትንሽ መስፋቱ አገዳው እንዳይጨናነቅ ይረዳል። በአሮጌ ሄደር ላይ ግን አንዱ ረድፍ 30፣ ጎረቤቱ 42 ሆኖ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም። ከመቀመጫው ሆነው በሃይድሮሊክ የሚያስተካክሉት ዓይነት ቢሆን እንኳ መጋጠሚያዎቹ ስለሚላሉ ስድስቱንም ረድፍ በእጅ መለካት ያስፈልጋል።

ከሰሌዳዎቹ ቀጥሎ የሮለሮቹ ሁኔታ ነው። ስለታቸው የዶለዶመ ሮለሮች አገዳውን ነክሰው ከመሳብ ይልቅ ስለሚንሸራተቱ፣ አገዳው ሳይሳብ ማሽኑ ይደርስበታል፤ ራሱም ከሰሌዳው ጫፍ ላይ ተቀንጥሶ ይወድቃል ወይም ከነአገዳው ይገባል። ራሶቹን ወደ ኋላ የሚወስደው የሰብሳቢው ካቴና ፍጥነትና የማሽኑ የጉዞ ፍጥነትም መመጣጠን አለባቸው። ማሽኑ ከካቴናው ሲፈጥን አገዳው ወደ ፊት ይገፋል፤ ካቴናው ሲፈጥን አገዳው ይነቀላል ወይም ይሰበራል፣ ራሱም ወደ ፊት ይፈናጠራል። ጥሩ ምልክት የሚባለው ራሱ በሰሌዳው ርዝመት መካከል ወይም ከመካከሉ ትንሽ ወደ ኋላ ሲቀነጠስ ነው። ለአብዛኛው ማሳ በሰዓት ከ4.5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ያለው ፍጥነት ይህን ያስገኛል። ከረድፉ መሃል መውጣትም ቀላል የሚመስል ግን ውድ ስህተት ነው፤ ሄደሩ ከረድፉ አንድ መዳፍ ያህል ዘንበል ብሎ ሲሄድ ከፋይ አፍንጫዎቹ አገዳውን ወደ ጎን ገፍተው ራሱን ያረግፉታል። የዘሪው ማሽን የረድፍ ስፋትና የሄደሩ ስፋት ካልተስማሙ ደግሞ አሽከርካሪው የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ አይሆንለትም። አገዳው የተጋደመበት ማሳ ላይ አፍንጫዎቹን መሬት እስኪልሱ ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። በዚህ ሁሉ ምርመራ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ በኪስዎ ይሁን፤ ሮለሮቹ አገዳ የሚስቡበት ፍጥነት ሰው እጁን መልሶ ከሚያወጣበት ይፈጥናል።

የሄደሩ ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ጀርባው ላይ ብክነቱ ከቀረ ወደ ውስጥ እንግባ፤ ሆኖም ከማናቸውም ቅንብር በፊት ማሽኑ በትክክለኛው ዙር መሽከርከሩን ማረጋገጥ ይቀድማል። የአሮጌ ማሽን የዙር መለኪያ ከእውነቱ ይርቃል፤ ቺንጋው ላልቶ ከሆነ ደግሞ ባዶውን ሲሽከረከር ትክክል የሆነው ዙር ሸክም ሲመጣ ይወርዳል። የዙር መለኪያ መሣሪያ በእጅ ይዞ የሮተሩን፣ የማራገቢያውንና የወንፊቱን ዘንግ መለካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የሮተሩ ማርሽ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ካለው ለበቆሎ ዝቅተኛው ይመረጣል፤ ጉልበቱም ይጨምራል፣ ቺንጋውም አይንሸራተትም። አዝመራውን ከሄደሩ ወደ ሮተሩ የሚያደርሰው የአጉራሹ ካቴና የላላ ወይም የፊት ከበሮው ለስንዴ እንደተቀመጠ ከቀረ አመጋገቡ ወጥ ስለማይሆን ይህንም በዚያው ያስተካክሉ።

ኮንኬቩ በአሮጌ ማሽን ላይ ዋናው አታላይ ክፍል ነው። ከመቀመጫው አጠገብ ያለው ጠቋሚ የሚያሳየው የማንሻውን ቦታ እንጂ የኮንኬቩን ቦታ አይደለም። ማንጠልጠያ ፒኖቹ ሲበሉ ሸክሙ ኮንኬቩን ወደ ታች ይገፋዋል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይርቃል፤ ጠቋሚው ግን ምንም እንዳልተለወጠ ያሳያል። ስለዚህ ዜሮ መነሻው እንደገና መወሰድ አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ሮተሩን በእጅ እያዞሩ ከፈልፋይ ብረቶቹ ከፍ ብሎ የወጣውን ይፈልጉ፤ ኮንኬቩን ይህ ብረት ሊነካው እስኪደርስ ድረስ ያንሱት፣ ከዚያም ከፊትና ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ያለውን ርቀት ይለኩ። በፋብሪካው መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። የሌላ ማሽን ባለቤት ቁጥርንም አይዋሱ፤ ኒው ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ቲአር70 ሁለት ሮተሮች ጎን ለጎን አሉት፣ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1977 ያስተዋወቀው አክሲያል ፍሎው አንድ ትልቅ ሮተር ይዟል፣ ግሊነር ደግሞ ሮተሩን ከማሽኑ ጎን ወደ ጎን በአግድም አስቀምጦታል፤ ሦስቱም ባለ ሮተር ይባላሉ፣ ቅንብራቸው ግን አይገናኝም።

ቀጥሎ የኮንኬቩን ዓይነት ይመልከቱ፤ የእርስዎ ችግር እዚህ ቢገኝ አልደነቅም። ማሽኑ ቀደም ሲል ስንዴ ያጭድ ከነበረ ኮንኬቩ ቀጫጭን ሽቦዎች በቅርበት የተደረደሩበት ሊሆን ይችላል፤ ለስንዴ የሚገጠሙት መሸፈኛ ሳህኖችም አልተነሡ ይሆናል። የበቆሎ ፍሬ በእነዚህ ጠባብ ቀዳዳዎች ለማለፍ ስለሚቸገር ወደ ኋላኛው ማጣሪያ ፍርግርግ በብዛት ይሄዳል፤ ፍርግርጉም ሁሉንም ማስተናገድ አይችልም። መፍትሔው ሰፊ ሽቦ ወይም ክብ ዘንግ ያለው ኮንኬቭ መግጠም ነው፤ ካልተገኘ ከሽቦዎቹ አንዱን እየዘለሉ ማውጣትም ይሠራል፤ ዋጋውም ከድካም አይበልጥም።

ርቀቱን ለማስተካከል መነሻዎ የተፈለፈለ ቆረቆንዳ ውፍረት ይሁን። በትልቅ ነጠላ ሮተር ላይ ለበቆሎ በደቂቃ ከ300 እስከ 450 ዙር ያለው የተለመደ ነው፤ ከዝቅተኛው ጀምረው ቆረቆንዳዎቹን ይመርምሩ። ሙሉ ወይም ለሁለት የተሰበረ፣ ፍሬ ያልቀረበት ቆረቆንዳ የሚፈለገው ነው። ፍሬ ተጣብቆ ከቀረ በመጀመሪያ ኮንኬቩን በጥቂቱ ያቅርቡ፣ ዙሩን መጨመር ሁለተኛ ምርጫ ነው። በማሽኑ የፍሬ ጎተራ ውስጥ የተሰነጠቀ ፍሬ ከበዛ ዙሩን ይቀንሱ። ቆረቆንዳው ለአራትና ለአምስት ተሰባብሮ ከወጣ ደግሞ ኮንኬቩ በጣም ቀርቧል ማለት ነው፤ ስብርባሪው ከፍሬው ጋር ተቀራራቢ መጠን ስላለው በወንፊቱ ላይ ይጨናነቃል፣ እርስዎም ወንፊቱን ይወቅሳሉ።

የመካኒክዎን ምክር በተመለከተ፣ የፈልፋይ ብረቶቹ ጥርስ ለስልሶ ጠርዙ ከተከበበ መቀየራቸው ትክክል ነው፤ ያረጀ ብረት ገለባውን አይዝም፣ ገለባው ተንሸራቶ በአንድ ቦታ ይጠቀለላል፣ ሮተሩም ማንጎራጎር ይጀምራል። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ግድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በፍጥነት የሚበሉት ፊት ለፊት፣ አዝመራው በሚገባበት በኩል ያሉት ናቸው፤ እነሱን ብቻ ቀይሮ ኋላ ያሉትን ማቆየት ይቻላል። ጥንቃቄው ሚዛን ላይ ነው፦ አንዱ ብረት ሲቀየር በተቃራኒው ጎን ያለውም በእኩል ክብደት መቀየር አለበት፤ ካልሆነ ሮተሩ እየተናወጠ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። ከእነዚህ በፊት እንዲያውም የሮተሩ መግቢያ ላይ ያሉትን ጎራሽ ክንፎች ጠርዝ ማየት ይሻላል፤ እነሱ ከተበሉ የቀረው ሁሉ አዲስ ቢሆንም አዝመራው በግፊት እንጂ በፍሰት አይገባም።

የሮተሩ ብክነት ሌላው መንስኤ አዝመራው በውስጡ የሚቆይበት ጊዜ ማጠሩ ነው። በሮተሩ ጣሪያ ላይ ያሉት መሪ ክንፎች የሚስተካከሉ ከሆነ ወደ ቀስታው ማዞር ገለባውን አንድ ሁለት ዙር ይጨምርለታል፤ ፍሬውም የመውጣት ዕድል ያገኛል፤ የሚከፈለው ዋጋ የሞተር ጉልበት ነው። ማጣሪያ ፍርግርጉ በእርጥብ ሽፋንና በቅጠል ከተደፈነ ግን የትኛውም ክንፍ አያድነውም፤ ጠዋት ጠዋት በፋኖስ ማየት ያስፈልጋል። ብክነት ሲታይ ፍጥነት መቀነስ የሁሉም ሰው ደመ ነፍስ ነው፤ ለሮተር ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ሮተር የሚፈለፍለው ራስ ከራስ፣ ፍሬ ከፍሬ እየተፋተገ ስለሆነ በግማሽ ሲሞላ ቆረቆንዳውን ይሰባብራል፣ ፍሬውንም ይሰነጥቃል። ሄደሩ እስከፈቀደ ድረስ ሞልቶ መሄድ ይሻላል።

ብክነቱ ከሮተሩ ይሁን ከወንፊቱ ለመለየት አስተማማኙ መንገድ ማሽኑን ሞልቶ እየሠራ ሳለ በድንገት ማጥፋት፣ ሁሉም ነገር እስኪቆም መጠበቅ፣ ከዚያም ጎኑን ከፍቶ በውስጡ ያለውን ባለበት ማየት ነው። ተርቦ የተገጠመለት የጋለ ሞተር እንዲህ መጥፋት ስለማይወድ ይህን ልማድ አያድርጉት፤ በደንብ ለማየት ግን አንድ ጊዜ ይበቃል። በላይኛው ወንፊት ላይ ፍሬ የታቀፈ ወፍራም የገለባ ምንጣፍ ከተገኘ የጎደለው ነፋስ ነው። ማራገቢያውን መቀነስዎ ለውጥ ያላመጣው፣ ምናልባትም ያባሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ የበቆሎ ፍሬ ከባድ ስለሆነ ነፋስ ብቻውን ጠራርጎ የሚያወጣው ጊዜ ጥቂት ነው፣ ነፋስ ያላነሣው ገለባ ግን ፍሬውን አቅፎ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ነፋሱን ወደ ከፍተኛው አቅራቢያ መልሱት፤ ላይኛውን ወንፊት 16 ሚሊ ሜትር፣ ታችኛውን ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር አድርገው ይነሡ። ወንፊቱን ከመጠን በላይ ማስፋት ስብርባሪ ቆረቆንዳ እንዲወርድ ያደርጋል፤ እሱም በመመለሻው በኩል ተመልሶ ሮተሩን ያጨናንቃል። ምንጣፉ በአንድ ጎን ብቻ ከወፈረ ደግሞ ወይ ማሳው ተዳፋት ነው ወይ ኮንኬቩ በአንድ በኩል ወርዷል።

ከማሽኑ ኋላ ፍሬው ተበትኖ ሳይሆን በጠባብ ቀጥ ያለ መስመር ከታየ ስለ ቅንብር አያስቡ፤ ያ ቀዳዳ ነው። ፍሬውን ወደ ላይ የሚያወጡት ኤሌቬተሮች የግርጌ በሮች፣ የወንፊቱ የጎን ጎማዎች፣ አጉራሹ ከማሽኑ የሚገናኝበት መጋጠሚያና የተበላ የአውገር (ፍሬውን እየተሽከረከረ የሚገፋ ጠመዝማዛ ዘንግ) ገንዳ ዋነኞቹ ናቸው። ማሽኑን ሸራ ላይ አቁሞ ጥቂት ማዳበሪያ ከረጢት ፍሬ በውስጡ ማሳለፍ ቦታውን ያሳያል።

በመጨረሻ፣ አዝመራው የደረሰበት እርጥበት ከእነዚህ ማስተካከያዎች ብዙዎቹን ይወስናል። ማድረቂያ ካለዎት የፍሬው እርጥበት ከ25 እስከ 20 በመቶ ባለው ጊዜ መሰብሰብ ብክነቱን ዝቅተኛ ያደርገዋል፤ ከዚያ በታች እየደረቀ በሄደ ቁጥር ራሱ ከአገዳው ይረግፋል፣ ሰሌዳው ሲነካውም ፍሬው ይበተናል። ከ28 በመቶ በላይ ደግሞ ፍሬው ከቆረቆንዳው በግድ ይላቀቃል፣ ይቀጠቀጣልም። ማድረቂያ ከሌለዎትና በማሳው ላይ እንዲደርቅ መጠበቅ ግድ ከሆነ አገዳው የደከመበትን ማሳ አስቀድመው ይጨዱ፣ ከቀትር በኋላ ደረቅ በሆነው ሰዓት ሰሌዳዎቹን ጥቂት ያጥብቡ፣ የሮተሩንም ዙር ይቀንሱ። በእያንዳንዱ ለውጥ መካከል አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና እንደገና ይቁጠሩ። በመቀመጫው አጠገብ ያለው የብክነት ጠቋሚ አሁንም የሚሠራ ከሆነ በቆጠራው ጊዜ ያሳየውን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ጠቋሚው ስንት ኪሎ ግራም እንደባከነ አይነግርዎትም፣ ሁኔታው ከቆጠሩት መጨመሩን ወይም መቀነሱን ግን ይነግርዎታል።